የእናታችንን ታሪክ አልሰርዝም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ገመቺስ ፉፋ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም በቤትህ፣ በሥራህና በእንቅልፍህ ላይ ይብዛ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለፈው ይዞህ የነበረው ወባ ሙሉ በሙሉ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያንቀጠቅጥሃል? መድኃኒት ጀምረህ ትንሽ ሲሻልህ እንደምትተወው ስለማውቅ ነው የምጠይቅህ። ፌበንስ ደህና ናት? እናትና አባቷስ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ የካ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። የአክስታችን ልጅ ናፍቆት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን ልታልፍ ሁለት ጣት ነው የቀራት።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። መስከረም ላይ ስንነጋገር ሦስት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘግተህብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም። ወረቀት እንደዚያ አይዘጋም። ልትቀደው ትችላለህ፤ ቢሆንም ከመቅደድህ በፊት ዓይንህ አንድ ሁለት መስመር ላይ ማረፉ አይቀርም። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከላይ አስቀምጥልሃለሁ። መጽሐፉ ታትሟል። እማዬ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች እንዳሳደገችን የጻፍኩት ታሪክም ከነስሜ በውስጡ አለ። አልሰረዝኩትም፤ አልሰርዘውምም።

እዚህ ላይ ከተናደድክ ተነስና ውሃ ጠጥተህ ተመለስ። ገና ብዙ አለኝ።

ያኔ በስልክ ያልከኝ ከነቃናው ትዝ ይለኛል። «ለፌበን ቤተሰቦች እናቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበረች ብያለሁ። ሽማግሌ ልኬ እሺ ተብያለሁ። ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። አንቺ ደግሞ አሁን ተነስተሽ ቅጠል ለቃሚ ነበረች ብለሽ በመጽሐፍ ልታወጪ ነው?» አልክ። ካላስወጣሁትም እህት አለኝ እንደማትል ነገርከኝ። ይህን ሁሉ ልችለው እችል ነበር፤ የሠርግ ጭንቀት ሰውን ብዙ ያናግራል። ያልቻልኩት ቀጥሎ ያልከውን ነው። «ያቺ ሥራ የፈታች ጡረተኛ ናት ያበላሸችሽ» አልክ። ለእሳቸውም ደውለህ እንደተናገርካቸው በኋላ ሰማሁ። እንግዲህ እኚህ ጡረተኛ ማን እንደሆኑ ልንገርህና ከዚያ በኋላ መስደብ ከቻልክ ስደብ።

እትዬ ወርቅውሃን ያገኘኋቸው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ መገናኛ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ሰው ጉዳዩን ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ ማመልከቻ አድርጌ እጽፍለታለሁ። የዚያን ቀን አንድ ሽማግሌ ከጎረቤታቸው ጣሪያ የሚወርድ ውሃ ቤታቸው እየገባ እንደሆነ ለማመልከት መጥተው ነበር። ጽፌ ሳትምላቸው ወረፋ ላይ የነበሩ አንዲት ቀጭን፣ ጸጉራቸው አንድ ሳይቀር የሸበተ ሴት ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ አንስተው ማንበብ ጀመሩ። የሰው ጉዳይ ነውና «እማማ፣ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆቼ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ ይነጋል» ይላል። «ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ?» አሉኝ። ሽማግሌው ያሉት ቤታችን ያፈሳል ብቻ ነበር፤ አልጋው እንዴት ነው ብዬ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። የተቆጡኝ መስሎኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። «መጠየቅሽ ነው ዋናው። ቅዳሜ ከሰዓት የካ ሚካኤል ነይ፤ የወጣት ማዕከሉን ጠይቂ» ብለው ኮፒያቸውን ይዘው ሄዱ።

ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ እረፍት አላማራቸውም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የፈጠራ ጽሑፍ በነጻ ማስተማር ጀመሩ። አሥራ ሁለት ነን። ነርስ አለች፣ የታክሲ ሾፌር አለ፣ እንድርያስ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ አለ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። መጽሐፉም የአሥራ ሁለታችን ታሪኮች ስብስብ ነው። ማዕከሉ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ሲፈልገው እኛ በቃ አለቀ ብለን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እትዬ ወርቅውሃ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁንና ወደ ቤታቸው ይዘውን ሄዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። አልጋቸውን ከግድግዳ ጋር አስደግፈው አቁመው መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፈውልን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን፤ ቅዳሜ ሲደርስ ያ አልጋ ይቆማል፣ እኛ ስንወጣ ይዘረጋል።

እርማታቸው በእርሳስ ነው። የማንንም ዐረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል ለውጠው አያውቁም፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥያቄ ብቻ ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ «በጣም ድሆች ነበርን» ብዬ ብጽፍ «ምሳ ምን ነበር?» ብለው መለሱልኝ። ተናድጄ ከሥሩ «ቆሎ። ወንድሜ የራሱን ግማሽ ለእኔ ደብቆ ያመጣልኝ ነበር፤ በኪሱ ስለሚይዘው የእርሳስ ፍቅፋቂ ይገኝበታል» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ «ይኸው ጻፍሽ» የሚል ብቻ ነበር ያለበት። ታዲያ ከዚያ በፊት ሦስት ገጽ አስለቃሽ ነገር ጽፌ ነበር፤ እሱን ሁሉ እኔው ራሴ ጣልኩት።

መሳቢያቸው ውስጥ የራሳቸው ልብ ወለድ አለ፤ ሳያልቅ ዓመታት አስቆጥሯል። አንድ ቀን እንድርያስ «የእኛን ሲያነቡ ጊዜዎ አለቀ እኮ፤ ለምን የራስዎን አይጨርሱም?» ቢላቸው «የእኔ አንድ ነው፣ የእናንተ አሥራ ሁለት ነው» ብለው ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ሥራ ፈት ያልከው እንግዲህ እኚህን ሴት ነው።

የእማዬን ታሪክ መጀመሪያ ስጽፍ «ዳገቱ እጅግ አድካሚ ነበር» ብዬ ነበር። ዳር ላይ «ለማን?» ብለው ጻፉ። ከዚያም «ሐሙስ ሥራ ስለማትገቢ እንሂድና እንየው» አሉኝ። ጉራራ ተገናኝተን ሽቅብ ወጣን። ፓርኩ ባለበት በኩል አስፋልትና አጥር ነው፤ ሰው ለመዝናናት ይወጣበታል። እኛ የሄድነው ሴቶቹ ዛሬም ድረስ በሚወርዱበት የእግር መንገድ ነው። አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ፣ ሸክሟን ከጀርባዋ ሳታወርድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። እትዬ ወርቅውሃ ሰላም ብለዋት ሲያበቁ አንድ ጊዜ ልሸከምልሽ አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች። «ኧረ ይቅርብዎ እማማ፣ ይጥልዎታል» አለቻቸው። እሳቸው ግን ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ።

ጋሼ፣ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውም ከእማዬ ጉልበት አይሻልም። ገመዱን ደረታቸው ላይ አሰርንላቸውና እኔ ከፊት፣ ሴትዮዋ ከኋላ ይዘናቸው አሥራ አንድ እርምጃ ሄዱ። ስናወርድላቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና «መጀመሪያ የሚደክምሽ የቱ ነው?» ብለው ጠየቋት። «አንገቴ ነዋ» አለች ሴትዮዋ። «ሰው ሁሉ እግርሽን አያምሽም ወይ ይለኛል። እግርማ ይለምዳል። ቀኑን ሙሉ መሬት መሬቱን ሲያዩ፣ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት ሲያቅት ነው የሚከብደው።» እትዬ ወርቅውሃ ወደ እኔ ዞረው እናቴም እንደዚሁ ትል እንደነበር ጠየቁኝ። አላውቅም። ሃያ አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አንተስ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ቤት እንደደረስኩ እማዬ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት። «ምን ይሠራልሻል? አልፏል እኮ» አለችኝ። እትዬ ወርቅውሃ «ስትጠይቂ አንዴ ጠይቂና ዝም በዪ፤ ዝምታውን አንቺ አትሙዪው» ብለው አስተምረውኝ ነበርና አብሬያት ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ብዙ ቆይታ በኦሮምኛ ጀመረች። በአማርኛ ስታወራ ሁልጊዜ «ያ ጊዜ» ብላ ነው የምታልፈው፤ በኦሮምኛ ግን ማገዶውን «ቆራን» እያለች በስሙ እየጠራች ተናገረች። የጫካው ዘበኛ ገመዷን እንዴት እንደቀማትና በማግስቱ ከአሮጌ ጆንያ ሌላ ገምዳ እዚያው ቦታ ተመልሳ እንደጠበቀችው ነገረችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሲያባርሯት ሸክሙን ጥላ ስትሮጥ፣ ሸክሙ ቁልቁል እየተንከባለለ «እኔን ቀድሞኝ ሰፈር ደረሰ» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አሁን ወደምትፈራው ገጽ ደርሰናል። የጨርቅ ነጋዴ፣ ሽማግሌ፣ ሠርግ አልክ እንጂ የፈራኸው ሌላ ነገር እንደሆነ ያኔም አውቄዋለሁ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ተለቆ አንተ ሰማያዊ ሹራብህን ለብሰህ ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ትመጣለህ። እማዬ በሸክሟ ሥር ጎንብሳለች፤ እኔ የቀሚሷን ጫፍ ይዣለሁ። አየሁህና ልጠራህ አፌን ስከፍት እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። አንተም አየኸን። ከዚያ መንገዱን ተሻገርክና በወዲያ ማዶ አለፍክ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ይህን ሁሉ ካሰፈርኩ በኋላ «የዚያን ቀን ልጇ ካዳት» ብዬ ጻፍኩ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቼ ሁሉ ወደዱት፤ ነርሷ ዓይኗን ጠረገች። እትዬ ወርቅውሃ ብቻ «እሷስ ምን ትላለች? ጠይቀሻታል?» ብለው ጻፉበት። ይህንን አልጠይቃትም፣ ቁስሏን አልነካም አልኳቸው። «እንግዲያው አላለቀም» አሉኝና ወረቀቱን መለሱልኝ።

አንተ የደወልከው በዚያው ሰሞን ነው። ለእሳቸው ደውለህ የቤተሰባችንን ገመና አደባባይ አወጡብን ስትላቸው ምን እንዳሉህ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ነግረውኝ ሳይሆን ለምኜ ነው የሰማሁት። «ልጄ፣ እኔ አላስገባሁትም፣ እኔም አላስወጣውም። የእናትህ ስልክ ቁጥር አለህ?» ሲሉህ ዘጋህባቸው። በማግስቱ የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን «ወንድምሽ ልክ አይደለም፣ አንቺም ልክ አይደለሽም» አሉኝ። «ሁለታችሁም በእናታችሁ ስም ትጣላላችሁ፤ እሷን የጠየቃት የለም። ሂጂና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢላት። አይሆንም ካለች እኔው በእጄ ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ።» በጣም ተቀየምኳቸው። ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ግን ልክ እንደሆኑ ልቤ ነገረኝ።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ ቁጭ አድርጌ አነበብኩላት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሰማችኝ። ገመዱ ላይ ስደርስ ሳቀች። ያ ገጽ ሲመጣም አልዘለልኩትም። ስጨርስ «ይሄ ውሸት ነው» አለች። በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት አልኳት። «ያየሽው እውነት ነው። የጻፍሽው ግን ውሸት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ ጋሼ። የክፍልህ ልጆች የቅጠል ለቃሚ ልጅ እያሉ ሲሰድቡህ ተደባድበህ ከንፈርህ ተሰንጥቆ መምጣትህን፣ አንድ ጊዜ ብትደግም ከትምህርት ቤት እንደምትባረር ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠህ ነገረችኝ። ከጓደኞችህ ጋር ስትሆን መንገዱ ሰፊ ነው፣ እለፈኝ፣ ቤት ስትገባ ትስመኛለህ ብትልህ እንቢ ማለትህንም ነገረችኝ። «ሁለት ሳምንት እንቢ አለኝ» አለች። «ባየኝ ቁጥር ጓደኞቹን ትቶ ሮጦ ይመጣና ሸክሜን ከሥር በእጁ እየደገፈ ሰፈር ድረስ ይከተለኛል። ከትምህርቱ ሊያስወጡብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በአባቱ አፈር አስማልኩት። ያኔ ጌታን አላወቅኩም፤ ልጅን በአባቱ አፈር ማስማል አይገባኝም ነበር። እያለቀሰ ማለልኝ። መንገዱን የተሻገረ ቀን የእኔን ቃል ነው የጠበቀው። አንቺንም እጅሽን የያዝኩሽ መሐላውን እንዳታስፈርሺው ነው።»

ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በሆዴ ይዤብህ ኖሬያለሁ። ስትመረቅ እልል ስል፣ ስትቀጠር ስስምህ፣ ከሥር ያ መንገድ ነበረ። ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ። ይህ ይቅርታ ግን በሆዴ ለያዝኩት ነው እንጂ ለታሪኩ አይደለም። ያበላሹሽ ያልካቸው ጡረተኛ ባይኖሩ እኔ ባማረ አማርኛ ውሸት አሳትሜብህ ነበር፤ አንተም ውሸቱን ትፈራለህ እንጂ እውነቱ መኖሩን እንኳ የሚነግርልህ አታገኝም ነበር። ስማችንን ከሰው አፍ ያዳኑልን እሳቸው ናቸው፤ ያዳኑትም ዝም በዪ በማለት ሳይሆን ጠይቂ በማለት ነው።

ይታተም ወይስ ይቅር ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። «እሱን አስተካክዪና ይውጣ» አለች። «ስሜንም ጻፊ። ጂቱ በዪ እንጂ ‹አንዲት ምስኪን እናት› አትበዪኝ። ተሸክሜ ነው ያሳደግኳችሁ፣ ሰርቄ አይደለም።» ቀጥላም ለአንተ መልእክት ሰጠችኝ። «ያ መሐላ ለትምህርት ቤት መንገድ ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ ስንት ዓመቱ ነው? ፈትቼዋለሁ በዪው» አለች። እኔ የምጨምርልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መሐላው ጉራራ ላይ ማለቅ ሲገባው አንተ አርባ ምንጭ ድረስ ይዘኸው ሄደሃል። እማዬ መንገድ ተሻገር አለችህ እንጂ ጨርቅ ሻጭ አድርገህ ዳረኝ አላለችህም።

ያንን ገጽ እንደገና ለመጻፍ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ደግሞ በበኩሉ የታሪኬን ርዕስ «ጀግናዋ እናት» ብንለው ብሎ ነበር። እትዬ ወርቅውሃ ምርጫውን ለእኔ ትተው «ጀግና ካልሻት አንገቷን ማን ያየዋል?» ብቻ አሉኝ። ርዕሱ «ቆራን» ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መጽሐፉ ተመረቀ። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ወርቅውሃን ፊት እናስቀምጥዎ ብንላቸው እንቢ ብለው በሩ አጠገብ ሆኑ። የእኔን ካነበብኩ በኋላ አንዲት ሴት ከተሰብሳቢው ተነስታ «ይህቺ ጂቱ የተባለችው በሕይወት አለች?» ብላ ጠየቀች። እኔ እማዬን ምንም አላስጠናኋትም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቆምኩ። የወንበር ድምፅ ሰማሁ። «ጂቱ እኔ ነኝ» አለች። «ሁሉም ልክ ነው። ሸክሙ የተንከባለለው ግን ወደ ሰፈር ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ወንዙ ነው፤ ልጄ እሱን አሳጥራዋለች።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከኋላዋ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጇን ያዙና እሳቸውም በሽሮ ሜዳ በኩል ዘጠኝ ዓመት እንደተሸከሙ ነገሯት፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማላቀቅ አልተቻለም። ዞር ብዬ እትዬ ወርቅውሃን ባያቸው አላጨበጨቡም፤ ጎንበስ ብለው በእርሳስ ይጽፋሉ። በኋላ ቅጂያቸውን ሳየው በዳሩ «መጀመሪያ ወደ ወንዙ» ይላል።

ስለ ሠርግህ ልንገርህ። እማዬ ትመጣለች፤ ልብሷን አዘጋጅታለች። ሥራሽ ምን ነበር ብለው ከጠየቋት ትመልሳለች። እኔ ሌላ መልስ አላስጠናትም፣ አንተም አታስጠናት። «ጨርቅ ነግጄ አላውቅም፤ ስለ ጨርቅ ቢያወሩኝ ምን ልል ነው?» ብላ ስትስቅብህ ሰንብታለች። የፌበን ቤተሰቦች በዚህ ከተቀየሙ ይቀየሙ። ባይቀየሙስ ብለህ አንድ ቀን እንኳ አስበህ ታውቃለህ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት መጽሐፍ አለ። አንዱ የአንተ ነው። ሌላው ላይ እማዬ ያስጻፈችኝን ታየዋለህ፦ «ለልጄ ለፌበን፣ ከጂቱ»። በቀጥታ ልልክላት እችል ነበር፤ ስልኳም አድራሻዋም አለኝ። አላደረግኩትም። በእጅህ ስጣት። ስለ ፈራሁህ አይደለም፤ ይህ ያንተ ወግ ስለሆነ ነው። እስከ ጥር ካልሰጠሃት ግን እማዬ የራሷን ቅጂ በቦርሳዋ ይዛ እንደምትመጣ እወቀው።

እህት አለኝ አልልም ብለሃል። ያንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ወንድም አለኝ። ገጽ አርባ ሁለትን ግለጠው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሮጦ የሚመጣ፣ የእናቱን ሸክም ከሥር በሁለት እጁ የሚደግፍ ልጅ ታገኛለህ። የእማዬን ስም በፈቃዷ ጽፌዋለሁ። የእሱን ግን አልጻፍኩትም። እሱን መጻፍ የአንተ ፈንታ ነው።

ለፌበን ናፍቆቴን ንገርልኝ። ለእናትና ለአባቷ፣ ለእህቶቿም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። አብሮህ ለሚኖረው ለባርኮትም እንደዚሁ፤ መድኃኒትህን ሳትጨርስ ብትተው እንዲነግረኝ አደራ ብያለሁ በለው። ከቤት እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። ናፍቆት ለሠርጉ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሚሰፋላት እንድጠይቅህ ለምናኛለች። እትዬ ወርቅውሃም ሰላም ብለውሃል፤ አዲስ አበባ ስትመጣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ምንጣፉ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አይጠፋም ብለዋል።

አክባሪህና ወዳጅህ፣ እህትህ
ሰኚ ፉፋ

የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.